ያየነውንና የሰማነውን ለይተን እንናገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ ስላደረግነው ሐዋርያዊ ጉዞ እንድንጽፍ ከታዘዝን ቆይቷል። የዘገየነው ሰንፈን አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሰንፈናል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዘገባው ጉዞው ከመደረጉ በፊት ተጽፎ ነበር።

ይህን በጽሑፍ ማውጣት ያሳፍራል፤ ነገር ግን ንስሐ ያለ ኑዛዜ የለምና እንናገረዋለን። ልንነሣ ሦስት ቀን ሲቀረን በአዳራሹ ጥግ ተቀምጠን ለጉባኤው የሚነበበውን አዘጋጅተን ነበር። የታረዙ እንደለበሱ፣ ያዘኑ እንደተጽናኑ፣ ቃለ እግዚአብሔርም በበረሃው እንደተሰማ አሳምረን ጻፍን። የጎደለው ቁጥር ብቻ ነበር፤ ለእርሱም ክፍት ቦታ ትተንለት ነበር።

የጉዞው ምክንያት መልካም እንደነበረ ማንም አይክደውም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ በአፋርም በኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ላይ እንኳ ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ጸሎት የጀመርን፣ ሲነጋም የተውን፣ ጥቂቶች አይደለንም። እንግዲህ ልብስ እንሰብስብ፣ ለተፈናቀሉት እናድርስ፣ ከዚያም ወደ ሰመራ ዘልቀን በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ክርስቲያን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እንጎብኝ ተባለ። ልብሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዳራሹን ሞላው።

በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከካህን አባታችን ጋር በሁለት መኪና ወጣን። አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ፣ በበሰቃ ሐይቅና በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል፣ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አብሮን ተቀመጠ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪ.ሜ. በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የጅቡቲው ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። አሮጌው ሐዲድ ከነጣቢያው ዛሬም አለ፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን በሌላ መስመር ያልፋል። መንገዱም እዚያው አካባቢ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር፣ አንዱ በአዋሽ አርባ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ። ከባድ መኪና ያለማቋረጥ ይተማል።

ተፈናቃዮቹ ከሰፈሩበት ደርሰን የመጀመሪያውን ከረጢት ስንፈታ የወጣው ሹራብ ነበር። ሁለተኛውም ሹራብ፤ ሦስተኛው ጃኬት። አዲስ አበቤ የሰጠው የተረፈውን ነውና፣ ለእንጦጦ ብርድ የተሠራውን ሁሉ ተሸክመን ወደ አዋሽ በረሃ ወርደናል። አንዲት ልጅ ባለ ቆብ የክረምት ጃኬት ለብሳ ፊታችን ቆመች፤ ላቧ በጉንጯ ይወርዳል፤ ልታስደስተን ብላ ግን አታወልቀውም። ከመካከላችን አንዱ ፎቶ አነሣት። ፎቶው አሁንም አለ፤ ለዚህ ዕትም አልሰጠነውም።

ከዚያ በኋላ ወተቱ መጣ። አንዲት እናት ከሰሌን ከተጠለፈ የወተት ዕቃ፣ ጢስ ጢስ የሚል ሽታ ያለው የታጠነ ወተት በጣሳ ቀድታ ለመጀመሪያው ወንድማችን ዘረጋችለት። እርሱ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። ጾም ነው፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ከመካከላችን በሹክሹክታ የግመል ይሆን እንዴ ያለም ነበር፤ ይህ ደግሞ ከጾም አይደለም። ወተቱ የፍየል ነበር። እናቲቱ ፊቷ ተለወጠ። አስተርጓሚያችን፣ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአፋር ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ጠየቀን።

«ንጹሕ አይደለም ብላችሁ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች አንዲት እኅታችን። «ጾም ላይ ስለሆንን ነው። እስከ ፋሲካ ወተትም ሥጋም አንቀምስም። ይቅርታ በልልን፤ ቀድመን መናገር ነበረብን።»

ሲተረጎምላት ሴትየዋ ሣቀች። እርስዋም ጾም ላይ ነበረች፤ ጊዜው ረመዳን ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22፤ ሁለቱ ጾሞች ጎን ለጎን ሲሄዱ ሰንብተዋል። እኛ ይህን በአዲስ አበባ የምናውቀው ከሬዲዮ ነው። ልብ በሉ፤ እርስዋ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ፣ ቤቷን መሬት ሰንጥቆባት፣ ለእንግዳ ወተት ቀድታ አቀረበች። እኛ በመኪናችን ውስጥ ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ ነበረን፤ ለአንድም ሰው አላቀረብንም። ለራሳችን አስበን ነው።

ፀሐይ እስክትገባ ቆዩ አለችን። ሾፌራችን አጉረመረመ፤ አባታችን ግን እንቆይ አሉ። ምሽት ላይ ከሰሌን ጎጆዋ ፊት ተቀምጠን እርስዋ ተምርና ውሃ ሰጠችን፤ ተምር ከጾማችን ጋር አይጣላም። እነርሱ በየቢስሚላሂያቸው፣ እኛ በየአቡነ ዘበሰማያታችን አፈጠርን። ውሃው ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ከየት እንደተቀዳ ጠይቀን ርቀቱን ስንሰማ፣ ጣሳውን ያጋመሱት ሁሉ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ያን ሌሊት በአዋሽ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አድረን ክርክር ተነሣ። ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት ሲልካቸው ኮሮጆም ከረጢትም ጫማም እንዳይዙ፣ በገቡበትም ቤት ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ አዝዟቸዋል፤ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ነው። ታዲያ ወተቱን መጠጣት አልነበረብንምን? አንዱ፣ ፍቅር ከጾም ይበልጣል አለ። ሌላው፣ ሥርዐትን በየሄድንበት የምናወልቅ ከሆነ ይዘነው የሄድነው ሃይማኖት ምኑ ላይ ነው አለ። አባታችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ ጾሙን በመጠበቃችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ስሕተታችሁ ከእርስዋ የምትቀበሉት ነገር ይኖራል ብላችሁ ሳትዘጋጁ መምጣታችሁ ነው አሉን። ጌታ ከረጢት አትያዙ ያለው፣ እነዚያ ደቀ መዛሙርት ተቀባይ ሆነው ደጅ እንዲቆሙ ነው፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው የባለቤቱን ፊት ያያል፤ ሙሉ ጭኖ የመጣ የሚያየው ወረፋውን ነው አሉ። በዚህ ሁላችን አልተስማማንም፤ ዛሬም በወተቱ ነገር ሁለት ወገን ነን። በከረጢቱ ግን አንድ ነን።

ይህ ለሀገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የደረሰው ሰባኪ ተብሎ ተልኮ አይደለም፤ ፍሬምናጦስ ተብሎ ከወንድሙ ጋር በልጅነቱ በመርከባቸው ላይ ከደረሰው ጥቃት ተርፎ፣ በባዕድ ሀገር ሰዎች ቤት እንግዳ ሆኖ ነው። የተሾመው ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው። ደግሞ በ615 ዓ.ም. አካባቢ በፈረንጆች አቆጣጠር የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ሲመጡ ያስጠጋቸው ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ነበር፤ ሙስሊሞች እስከ ዛሬ ነጃሺ እያሉ ያከብሩታል። እንግዲህ በዚህ ምድር ሁለቱም ወገን በሌላው ደጅ ቆሟል፤ ማን የማን እንግዳ እንደሆነ ለመቁጠር ብንነሣ አንጨርሰውም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰሜን ተጓዝን። አስተርጓሚያችን ወደ ትምህርቱ ይመለሳልና አብሮን ተሳፈረ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሰመራ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪ.ሜ. ትጠጋለች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር አረንጓዴ እሾሃማ ቁጥቋጦ ለብሷል፤ እኛም በረሃ ውስጥ ልምላሜ አየን ብለን አመሰገንን። አስተርጓሚያችን ግን ፊቱን አዞረ። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ነው፤ በደርግ ዘመን ለጥላና በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ የተተከለ፤ አፋሮቹ ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል። ከብቱ ፍሬውን ይበላና ዘሩን በየሄደበት ይጥለዋል፤ ዛፉ ሣሩን ውጦ ግጦሹን ይዘጋዋል፤ እሾሁ የከብቱን ኮቴ ይወጋል። የተከሉት ሰዎች ክፉ ነገር ያሰቡ አይመስለንም። እንደ ሹራቦቻችን ነው። ሹራቡ ግን ቢያንስ አይራባም።

ገዋኔን ከማለፋችን በፊት የአንዱ መኪና ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ሲቀይር ሁለት ግመል የሚነዱ ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ፤ ሽርጥ የታጠቁ፣ ጊሌ በወገባቸው ያለ። አስተርጓሚያችን ወደ እነርሱ ሄደ፤ ተጨባበጡ፤ ቁጢጥ ብለው ተቀምጠው ይነጋገሩ ጀመር። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ አያቋርጡትም። ጎማው ተቀይሮ አለቀ፤ እነርሱ ገና ናቸው። ጡሩንባ ነፋን። ግማሽ ሰዓት ያህል ካስጠበቀን በኋላ መጣ፤ እኛም ወሬኛ ብለን ቀለድንበት። አልሣቀም።

ዳጉ ነው አለን። በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ጸጥታው እንዴት ነው፣ ምን እንግዳ ሰው አለፈ። ያየኸውን አየሁ ትላለህ፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ጨምረህ ሰማሁ ትላለህ፤ ሁለቱን አትቀላቅልም። በዚህ በረሃ በወሬ ላይ ተመሥርተህ መንጋህን ወደ ማታውቀው ቦታ ትነዳለህና፣ ሐሰት ከሆነ ከብት ያልቃል፤ ሰውም ይሞታል። ስለዚህ ሐሰተኛ ዳጉ ያቀበለ ሰው በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል፤ ይቀጣልም።

በመኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ያ ክፍት ቦታ የተተወለት ዘገባ በአንዳችን ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ወንጌል ማለት የምሥራች ማለት እንደሆነ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ሐዋርያትም ሲመሰክሩ ያዩትንና የሰሙትን ተናገሩ እንጂ ያማረውን አልተናገሩም፤ ጴጥሮስ ጌታውን መካዱ፣ ቶማስ መጠራጠሩ በመጽሐፉ ተጽፎ የቀረው ስለዚህ ነው። የእኛን ሀገር ሰው፣ የሕንደኬን ጃንደረባ፣ ፊልጶስ ያገኘው በምድረ በዳ መንገድ ላይ ነው። ታሪኩን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከጥምቀቱ ነው፤ እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አንብቡት። ፊልጶስ መጀመሪያ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ከዚያ ሰውዬው ሲያነብ ሰማ፤ ከዚያ ጠየቀ፤ ከዚያ ጃንደረባው ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ ብሎ ለመነው። አፉን የከፈተው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። እኛ ጡሩንባ እየነፋን ነበር።

ሰመራ ገባን። ከአሳይታ ቀጥሎ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ እንድትሆን በባዶ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ሰፊ መንገድ፣ አዳዲስ ሕንፃ፣ ጥቂት ጥላ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወር ገና ነው ቢሉንም እኛ አላመንናቸውም። የግቢ ጉባኤው ተማሪዎች በደስታ ተቀበሉን፤ መዝሙር ዘመርን፤ አባታችን አስተማሩ። ስለዚህ ብዙ አንጽፍም፤ እንደሌላው ጉባኤ ነው። ልባችን የቀረው አንዲት ተማሪ በነገረችን ነገር ነው። በመኝታ ክፍሏ ስድስት ልጆች አሉ፤ ሦስቱ ሙስሊሞች። ለስሑር የሚነሡት ልጆች እርስዋን ለኪዳን ጸሎት ይቀሰቅሷታል፤ እርስዋ ደግሞ ማታ ምግባቸውን ከካፌ ተሰልፋ ታመጣላቸዋለች። ስለ ሃይማኖት ትከራከራላችሁን ብንላት፣ አዎን፣ አጥብቀን ነው የምንከራከረው፤ ግን ማንም ማንንም ሳይቀሰቅስ አያድርም አለችን።

በሦስተኛው ቀን በዱብቲ በኩል ወደ አዋሽ ወንዝ ወረድን። እዚያ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘን። አስተርጓሚያችን እጅ ነሥቶ ሳያስተዋውቀን እርሳቸው ቀድመው ተናገሩ።

«ወተቱን እንቢ ብለው ውሃውን የጠጡት ክርስቲያኖች እነዚህ ናቸው?»

ደነገጥን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል፤ በእግር ይሁን በስልክ አናውቅም። ስለ ሹራቡም ሰምተዋል፤ በእርሱ ግን በጨዋነት ፈገግ ብለው አለፉት። ስለ ስብከታችን የሰሙት ነገር የለም። በአፋር ምድር የእኛ ዘገባ ተጽፎ አልቆ ኖሯል፤ የጻፈችውም ያች እናት ናት፤ ከንጋት እስከ ምሽት ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ።

ተቀመጡ አሉን። ተቀመጥን። የአካባቢያቸውን ነገሩን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዛፉ። ከዚያ ዝም አሉና በእጃቸው ወንዙን አሳዩን። የእናንተ ተራ ነው፤ ይህ ውሃ ከእናንተ ዘንድ ይመጣል፤ ላይ ቤት ምን እየሆነ ነው? ሕፃናቱ ይጠጡታል፤ ከብቱም ይጠጣዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ቀለሙም ሽታውም ይለወጣል፤ ምን እየገባበት እንደሆነ ያየ አለ? አሉን።

አላየንም። ከጂኦግራፊ ትምህርት እንደምናስታውሰው አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪ.ሜ. ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። አብዛኛው ወንዝ ወደ ባሕር ሄዶ ይሰወራል፤ አዋሽ የተሰጠውን ሁሉ ይዞ እዚሁ ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ወንዞች፣ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ወደ እርሱ ይገባሉ። የፋብሪካውም የመጸዳጃውም የቄራውም ፍሳሽ ወደ እነዚያ ወንዞች እንደሚወርድ በአዲስ አበባ የማያውቅ የለም፤ ድልድዩን ስናልፍ አፍንጫችንን የምንይዘው ስለምን ሆነና? እንግዲህ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወደ አፋር የተላከው የመጀመሪያው ነገር ሹራቡ አልነበረም። ይህን ለሽማግሌው እንዴት እንንገራቸው? አንዱ ወንድማችን፣ ሰምተናል፣ ሄደን ግን አላየንም ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ መልካም መልስ ነው፤ ስታዩ ላኩብኝ አሉ።

ከተመለስን በኋላ በጉባኤው ፊት ቆመን ያንን የተዘጋጀ ዘገባ አላነበብነውም። ያየነውን እንዲህ አየን፣ የሰማነውን ከእገሌ ሰማን እያልን ከላይ የጻፍንላችሁን ነገርናቸው። ከኋላ አንድ ታናሽ ወንድማችን እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ስንት ሰው አመነ? ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሣቀ። የሚሣቅበት አልነበረም፤ እኛም ባዶ ቦታ የተውነው ለዚያው ጥያቄ ነበር። አላየንም አልነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሆነን ወደ አቃቂ ወንዝ ወረድን። አረፋ አየን፤ በውሃው ላይ እንደ ጥጥ ተከምሮ ይሄዳል። ከአንድ ቱቦ ጥቁር ውሃ ሲወጣ አየን። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጎመን በዚያው ውሃ ሲጠጣ አየን፤ ምናልባትም ያንኑ ጎመን በጾሙ ስንበላ ከርመናል። ቱቦው የማን እንደሆነ ነግረውናል፤ እርሱ ሰማን እንጂ አላየንምና ስም አልጠራንም። ወደ አስተርጓሚያችን ደውለን አንድ በአንድ አቀበልነው። ለሽማግሌው እንደሚያደርስ ተናግሮ ጥቂት ዝም አለ።

«ከወንዙ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች አነጋገራችሁ?»

«አላነጋገርንም።»

«እንግዲያው ዳጉው ጎዶሎ ነው። እስክትጨርሱት እጠብቃለሁ» አለ።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያናችን በር ተገናኝተን እንደገና እንወርዳለን። መምጣት የምትሹ ቦት ጫማ አድርጉ፤ ስንቃችሁንም በከረጢት አትያዙ፤ የሚጋብዘን እናገኝ ይሆናል።